ሁለት ሳፋ፣ ሁለት ኩባያ

ኬሚስትሪን የተማርኩት በጆሮዬ ነው። እጄና ዓይኔ የሰው ጥፍር ላይ ናቸው፤ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈት ነው፣ ምን ያድርግ? ጥፍር ሠሪ ነኝ። የኔ ወንበር ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ቀጥሎ ያለው የፍንጭቷ ነበር። ስለዚህ የሷንና የአስተማሪዋን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አለ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ፍንጭቷ የምንላት በፊት ጥርሶቿ መሀል ስላለችው ክፍተት ነው። ስትስቅ መጀመሪያ ያቺ ክፍተት ትታያለች፣ ቀጥሎ ሳቋ ይመጣል፣ ከዚያ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠው ደንበኛ ሁሉ ምን እንደተባለ ሳይሰማ አብሯት ይስቃል። የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ የኔ አለቃ፣ አክስቷ ናት። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ፋርማሲ እማራለሁ ስትል ኖራ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስትፈተን ሌላውን ሁሉ አለፈችና ኬሚስትሪ ጣላት። ከዚያ ከአክስቷ ዘንድ ፀጉር ቀለም መቀባት ጀመረች። «ለጊዜው ነው» ትላለች። «ለጊዜው» ብሎ የገባ ሰው እንዴት እንደሚከርም እኔን ማየት ይበቃል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓርብ ነው። ዓርብ ቤታችን ጢም ይላል። ያን ዕለት እሁድ ሴት ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት መጡና ሽበታቸው ፈካ ያለ ቡናማ እንዲሆንላቸው ጠየቁ። ቀለሙ የሚበጠበጥበት ፐርኦክሳይድ የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ስድስት ፐርሰንትም አለው፣ አስራ ሁለትም አለው። ለሽበት ስድስቱ ይበቃል። ፍንጭቷ ግን የሚጠብቃት ሰው ስለበዛ፣ ቶሎ እንዲይዝላት አስራ ሁለቱን አነሳች። አሁንም ቶሎ እንዲይዝላት ካስክ ውስጥ አስገባቻቸውና ሙቀቱን ለቀቀችው። ከዚያ ሌላ ሰው ልታጥብ ሄደች፤ እዚያው ወሬ ያዛት።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ የሚለቀምም አልነበረም። ሴትየዋ ሲታጠቡ ፀጉራቸው ከውሃው ጋር ወረደ፤ የተረፈውም ካሮት መሰለ። ራሳቸውን በመስታወት አዩ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ በስንት ጣዕሙ። ሻሻቸውን አንስተው አሰሩና «እግዜር ይይልሽ» ብለዋት ወጡ።

በማግስቱ ልጃቸው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙ እጅጌ ጠመኔ የነካው ወጣት ነው። ሊሳደብ መምጣቱ ያስታውቃል፤ መሳደብ አለማወቁ ደግሞ የበለጠ ያስታውቃል። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«የእናቴን ፀጉር የሠራችው ማናት?»

አክስቷ ልትሸፍንላት ስትል ፍንጭቷ ቀደመቻት። «እኔ ነኝ።»

«ምን ነበር የበጠበጥሽበት?»

«ባለ ጥቁር ክዳኑን።»

«ክዳኑን አይደለም የጠየቅሁሽ። ስንት ፐርሰንት ነው?»

«አስራ ሁለት። እንዲፈጥን ብዬ።»

«ሙቀቱስ?»

«እሱም እንዲፈጥን።»

ግንባሩን ያዘ። «ጥንካሬውን እጥፍ አደረግሽ፣ ሙቀት ጨመርሽበት፣ ከዚያ ትተሽው ሄድሽ! ይሄንንኮ ተማሪዎቼ እንኳን አይስቱትም!»

«ምን ያስተምራሉ?»

«ኬሚስትሪ።»

ይሄን ጊዜ ልጅቷ እንባዋን ዘረገፈችው። ለቅሶ ብቻ ሆነች። «እሱ ነው… የጣለኝ… እሱው ራሱ ነው!» ትላለች በሳግ መሀል። ሊቆጣ የመጣው ሰው ግራ ገባው። ኪሱን ዳበሰና ያገኘውን ጨርቅ ሰጣት። ለካ ሰሌዳ የሚያጠፋበት ጨርቅ ኖሯል! ዓይኗን ስትጠርግ ፊቷ ዱቄት መሰለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም መስታወት አየችና በእንባዋ መሀል ሳቀች። ያቺ ክፍተት ታየች። እሱም አያት፤ ሲያያት አየሁት። ከዚያ «ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ፤ ጨርቁንም ረሳው።

ማክሰኞ ጠዋት መጽሐፍ ይዞ ተመለሰ። ማክሰኞ ጠዋት ሰው አይበዛብንም፤ እሱም የሚያስተምረው ከሰዓት በኋላ ነው።

«እናቴን ያቃጠልሽበትን ምዕራፍ ላስተምርሽ» አላት። «ሌላ ሰው እንዳታቃጥዪ ነው።»

እንዲህ ነው እንጂ ቂም! አልኩ በሆዴ።

በየማክሰኞው መምጣት ጀመረ። እኛም ቲቸር አልነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ፍጥነት ነበር፤ አንዱ ሪአክሽን ለምን ይፈጥናል፣ ሌላው ለምን ያዘግማል የሚል። ፍንጭቷን ይሄኛው አላስቸገራትም።

«ሙቀት ሲያገኛቸው ቅንጣቶቹ ይሯሯጣሉ» ይላታል። «ሲሯሯጡ ደግሞ ይጋጫሉ።»

«እንደ ዓርብ ቤታችን በለኛ! ሰው ሲበዛና ሁሉም ሲጣደፍ እንደምንጋጨው።»

«ልክ ነሽ። ግን ግጭት ሁሉ ፍሬ የለውም። አቅጣጫው የተስማማ፣ ጉልበቱም የበቃ መሆን አለበት።»

«እኛስ ተጋጭተን አይደል የተዋወቅነው?» አለችው።

ጆሮው ቀላ። መጽሐፉን ገለጠ፤ የገለጠው ግን ወደ ኋላ ነበር። እሱ እንዲህ ነው፣ ቃል በሚዛን የሚሰጥ ሰው። እሷ አስር ስትናገር እሱ አንድ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገረችው፤ እናቷ ስትሞት አክስቷ ዘንድ እንዴት እንደመጣች፣ የጎረቤቷ ውሻ በሷ ካልሆነ በማንም እጅ እንደማይበላ፣ ጨለማ እንደምትፈራና ለማንም እንደማትናገር። እሱ «እሺ» ይላል። «ከዚያስ?» ይላል። ሌላ የለም። ምኑን ወደደችው? እላለሁ አንዳንዴ። ግን ማክሰኞ ሲደርስ ፀጉሯን ሁለቴ ስታበጥር አያለሁ።

አክስቷማ ትዕግሥት የላትም። ሻይ ታቀርብለትና «ቲቸር፣ አላገቡም አይደል?» ትለዋለች። ሻዩ ትን ይለዋል። «እኛ ቤት አማች ቢሆኑ የዕድሜ ልክ የፀጉር አገልግሎት በነፃ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የወንድ አንሠራም» ትላለች ደግሞ። እሱም አንድ ቀን የካታሊስትን ትምህርት በሷ አስረዳን፤ ነገርን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን እንዳለ የሚወጣ ማለት ነው አለ።

«አክስቴ ናታ!» አለች ፍንጭቷ።

«ግን ካታሊስት የማይሆነውን እንዲሆን አያደርግም» አለ ቲቸር ወደ ሻዩ እያየ። «የሚሆነውን ቶሎ ያደርሳል እንጂ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?» አለች አክስቷ።

ከዚያ ኢኩሊብሪየም የሚባለው መጣ፣ የሚዛኑ ትምህርት። እዚህ ላይ ልጅቷ እንደ ግትር በቅሎ ቆመች። በፈተናውም የጣላት ይሄው ነበር።

«ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል ትላለህ» ትከራከረዋለች። «ቀጥሎ ደግሞ ምንም አይለወጥም ትላለህ። የማይለወጥ ነገር ቆሟል ማለት ነው! ሁለቱም ወገን እኩል ሆኑና ቆሙ፤ አለቀ።»

«አልቆመም። እኩልም ላይሆኑ ይችላሉ።»

«እንግዲያው ኬሚስትሪ ዋሾ ነው።»

ቲቸር ወለሉን አየ። ከዚያ «ሳፋ አላችሁ?» አለ። ፀጉር ቤት ገብቶ ሳፋ አላችሁ ወይ ይባላል?

ሁለት እኩል ሳፋ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ አንዱን ውሃ ሞላው፣ ሌላው ባዶ ነው። ሙሉውን እሷ ፊት አደረገ፣ ባዶውን ራሱ ፊት። ለሷ ትልቁን የፀጉር ማጠቢያ ኩባያ ሰጣት፣ ለራሱ የሻይዋን ትንሽ ኩባያ ያዘ። «እትዬ፣ እርስዎ ያጨብጭቡልን» አለኝ። «ባጨበጨቡ ቁጥር እሷ ከሷ ሳፋ ቀድታ ወደኔ ትገለብጣለች፣ እኔም ከኔው ቀድቼ ወደሷ እገለብጣለሁ።»

አጨበጨብኩ። እሷ ሙሉ ኩባያ ገለበጠች፤ እሱ ባዶ ሳፋ ጫረ። አጨበጨብኩ። አሁንም እሷ ሙሉ፣ እሱ ጠብታ። ወለሉ ራሰ፣ ጫማዬ ራሰ፣ አለቃዬ «ኧረ ቤቴን!» አለች። እያደር የሱ ሳፋ ሞላ፣ የሷ ጎደለ። የሷ ኩባያ ትልቅ ቢሆንም ውሃው ስላነሰ እንደ ድሮው ሙሉ አልቀዳ አላት። ቲቸር የኔን ቀይ የጥፍር ቀለም አንስቶ ሁለቱም ሳፋ ላይ ውሃው የደረሰበትን አሰመረ። አጨበጨብኩ፣ ቀዱ፣ ገለበጡ። ውሃው ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው ቆመ!» አለች ፍንጭቷ።

«ኩባያሽስ ቆሟል?»

እጇን አየች። እየቀዳች ነበር። እሱም እየቀዳ ነበር። እኔ ማጨብጨቤን ረስቻለሁ፣ እነሱ ግን አላቆሙም።

«አልቆመም» አለች ቀስ ብላ። «እየሄደ ነው… ግን አይታይም። እኩልም አይደለም። የኔ ሳፋ ጎድሏል፣ ያንተ ሞልቷል።»

«በያንዳንዱ ጊዜ የሚሻገረውስ?»

ኩባያዎቹን አጠገብ ለአጠገብ ያዘቻቸው። በትልቁ ኩባያ ሥር ያለው ውሃና በትንሹ ውስጥ እስከ አፉ የሞላው አንድ ነበር። «የሚሻገረው እኩል ነው!» ብላ ጮኸች። ቀና ስትል እሱ ቀድሞ እያያት ነበር። ሁለቱም ተንበርክከዋል፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ርሷል። እኔም ደንበኛ የመጣ ይመስል ሞረዴን ፈለግሁ።

የጣላትን ፈተና እንደገና ወስዳ በጥሩ ውጤት አለፈች። ፋርማሲም ደረሳት፤ ትምህርት ቤቱ ግን የአንድ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ቤታችን በእልልታ ቀለጠ። ቲቸር ግን ከፈተናው በኋላ መምጣቱን አቆመ። ውጤቷን ደውላ ስትነግረው «እንኳን ደስ አለሽ» አላት፤ ያው በትንሿ ኩባያ። ማክሰኞ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ማክሰኞ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፣ ደንበኛ ሆኖ ሲገኝ መልሳ ታቀረቅራለች።

ይባስ ብሎ አክስቷ የቲቸርን እናት ልብስ ሰፊ ቤት አገኘቻቸው። «በልጄ ሠርግ ላይ ሻሽ ጠምጥሜ ፎቶ የተነሳሁት በማን ሆነና፣ ያቺ ልጅ የቤቴን ደጃፍ አትረግጥም» ብለዋታል። አክስቷ ይሄን ሰምታ ዝም ትላለች? አምጥታ ለልጅቷ ዘረገፈችላት። በዚያ ቢበቃት ደግ፤ «ሄጄ ልጁን ወንድ ነህ ወይ ልበለው!» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

«አክስቴ፣ ተይ» አለች ፍንጭቷ። «አንዴ ሙቀት ጨምሬ ያደረግሁትን አይተሻል።»

የምትሄደው ሰኞ ነበር። ሐሙስ ዕለት ብሩሾቿን ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ።

«ቆሟል፣ እትዬ» አለችኝ። «ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። አንድም አላስቀረሁም። እሱ ምን ሰጠኝ? እሺ፣ ከዚያስ።»

ቀዩ መስመር ያለባቸው ሳፋዎች ግድግዳው ሥር ተደፍተዋል። በአገጬ አሳየኋት። «የቆመ ይመስላል እንጂ ስትሉ አልነበር?»

«እሱ ውሃ ነው፣ እትዬ። ሰው ውሃ አይደለም።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ይወደኛል ወይስ አይወደኝም? ይሄን ብቻ አውቄ ብሄድ ምን ነበረበት?»

እኔ ጥፍር ሠሪ ነኝ፣ በጆሮ የተማርኩት እዚያ ድረስ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና እናትየው ገቡ። ሻሽ አስረዋል፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። የካስኩ ድምፅ ሳይቀር የጠፋ መሰለኝ። አለቃዬ የሆነ ሰበብ ፈልጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ አንበሳዋ! ሴትየዋ ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ሄደው የፍንጭቷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሻሹን ፈቱት። ፀጉራቸው አጭር ነው፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ግን ጤነኛ።

«በቅሏል» አሉ በመስታወቱ ውስጥ እያይዋት። «ምን ቆመሻል? ሥሪኛ።»

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እናቴ… እኔ… ሌላ ሰው ይሥራዎት።»

«ሌላ ሰው ፈልጌ አይደለም የመጣሁት። ጨለማ ትፈሪያለሽ አሉ፤ እኔንም ትፈሪያለሽ እንዴ?»

ፍንጭቷ ክው አለች። «ማን… ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል! በቀን አንዲት ቃል የሚናገር ልጅ ነው የወለድኩት። ይኸው ስንት ጊዜው፣ ያቺኑ አንዲት ቃል አንቺ ላይ ጨረሳት። ራት ላይ፣ ስለ አንቺ። ቁርስ ላይ፣ ስለ አንቺ። ስሟን አታንሳብኝ ብዬ ጮህኩበት። እሺ አለና ዝም አለ። በማግስቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የጎረቤቷ ውሻ በሷ እጅ ካልሆነ አይበላም አለኝ። ስምሽን አላነሳማ! እናትሽ የሞተችበትን ቀን አውቃለሁ። ስትስቂ የምትታየውን ክፍተትሽን እንኳ ነግሮኛል፤ እኔስ ያን ዓርብ በሠርጉ ጥድፊያ ልብ አላልኩትም። ከፈተናሽ በኋላማ፣ እናቴን ይዤ ካልሆነ እዚያ ቤት እግሬ አይደርስም ብሎ ማለ። እኔ ግትር፣ እሱ ከኔ የባሰ። በኋላማ ራሴው ከዚያስ? ማለት ጀመርኩ።»

ብሩሹ ከልጅቷ እጅ ወደቀ። እኔም የያዝኩትን ጥፍር ትቼ አያታለሁ። ያፈሰሰችው ሁሉ የትም አልፈሰሰም ነበር። ጠብታ ሳይጎድል እሱ ዘንድ ተቀምጧል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ» አለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ከሁለቱ የትኛውን ነው የምትቀቢኝ?»

«ስድስቱን» አለች እያለቀሰች። «ያለ ካስክ። ግን ይቆያል።»

«ይቆይ። የት እሄዳለሁ?»

ጓንቷን አጠለቀች፣ ቀለሙን በጠበጠች፣ ከሥር ከሥሩ ቀስ እያለች መቀባት ጀመረች። እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «ያንን ግንድ ልጄን ጥሩልኝ» አሉኝ። «ከማዶ ጫማ ጠጋኙ አጠገብ ቆሟል። ፀሐይ ሊያደርቀው ነው።»

በመስኮት አየሁ፤ እውነትም ቆሟል። አንዴ በጥፍር ሞረዴ መስታወቱን ብመታለት መንገዱን መኪና ሳያይ ተሻገረ። በሩ ላይ እንደ መጀመሪያው ቀን አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ዝም አልከኝ» አለችው ፍንጭቷ። ሁለት እጇ ቀለም ነው፣ እንባዋን የምትጠርግበት የላት።

«እናቴን እያናገርኩ ነበር።»

«ለኔስ? ለኔ የምትለው የለህም?»

አለቃዬ ከጓዳ ብቅ ብላ አፏን ልትከፍት ስትል እግሯን ረገጥኳት፤ ካታሊስትም ልክ አለው።

«ወድጄሻለሁ» አላት። «ሰሌዳ ማጥፊያው ፊትሽ ላይ ከነበረበት ቀን ጀምሮ።»

ይሄው ነው። ትንሽ ኩባያ ናት፣ ግን እስከ አፏ ሞልታለች። ልጅቷ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ያቺ ክፍተት ታየች። ኪሱን ዳበሰና ጨርቅ አወጣ፤ አሁንም የሰሌዳውን። በክንዷ ገፋችው፤ ቢሆንም ጠረገላት።

«ሰኞ ትሄዳለች አይደል?» አሉ እናትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ትምህርቱ ስንት ዓመት ነው?»

«አምስት፣ እናቴ» አለች ፍንጭቷ ድምፅዋ ወርዶ። «ረጅም ነው።»

«ምኑ ይረዝማል? ፀጉሬም ወገቤ እስኪደርስ ያንን ያህል ይፈጃል። ለሠርጋችሁ የምትሠሪኝ አንቺው ነሽ።» አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ግድግዳው ላይ ያለውን ካስክ አዩት። «እሱን ግን ካጠገቤ አርቂልኝ።»